የታሰረ ጥላ፤ ስለ ፎቶግራፍና ስለ ምስክርነት

የሰው ልጅ ከምስክሮች ሁሉ አብልጦ የሚያምነው ዓይኑን ነው። በጆሮው የሰማውን ነገር «እውነት ይሆንን?» ብሎ እንደገና ይጠይቃል፤ በዓይኑ ያየውን ግን ሳይመረምር ይቀበላል። ከዚህም የተነሣ በዓይን በኩል የገባ ስሕተት በጆሮ በኩል ከገባው ይልቅ ወደ ልብ ጠልቆ ይሰድዳል፤ ለመንቀልም እጅግ ያስቸግራል። ሐሰትን ከእውነት መለየት ለሁሉም ግልጽ የሆነ ተግባር ይመስላል። ዳሩ ግን ከሁለቱ ሌላ አንድ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ክፍል እውነት ሆኖ ሳለ ጠቅላላው የሚያሳስት ነገር ነው። የዛሬ ዘመን ሰው በኪሱ ይዞት የሚዞረው ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ስለሚሆን፥ ነገሩን ቀረብ ብሎ መመርመር የተገባ ነው።

በሪያድ ከተማ በኦላያ ሰፈር «ኪንግደም» የሚባል ሕንፃ አለ። ቁመቱ 302 ሜትር ሲሆን ሥራው የተፈጸመው በ2002 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ጫፉ እንደ መርፌ ዓይን ተከፍቶ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ከሩቅ የሚመጣ መንገደኛ ከሌሎቹ ሕንፃዎች ለይቶ ያውቀዋል። ከሥሩም ሰፊ የገበያ አዳራሽ ይገኛል። ከደሴ ዙሪያ ገጠር ወጥታ በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ወጣት፥ አንድ ምሽት የአሠሪዎቿን ልጆች እየጠበቀች ወደዚህ አዳራሽ ትመጣለች። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ወደ አንድ ሱቅ ገብተው እስኪወጡ ድረስ ጥቂት ደቂቃዎች ታገኛለች። በአጠገቧ ላለች ለሌላ ኢትዮጵያዊት የእጅ ስልኳን ትሰጥና «እኅቴ፥ አንድ ፎቶ አንሺኝ፤ ሕንፃው ከነጫፉ ይግባ» ትላታለች። ሻሿን ታስተካክላለች፤ ፈገግ ትላለች፤ ሥዕሉም ይያዛል። ልጆቹ ከሱቅ ከመውጣታቸው በፊት ፎቶግራፉ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ደሴ ዙሪያ ይደርሳል።

በዚያም በቤቱ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቧል። እናትዮዋ ፊደል አልቈጠረችም፤ ሥዕል ለማየት ግን ፊደል መቍጠር አያስፈልግም። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጎረቤቶቹም ሕንፃውንና ፈገግታውን አይተው «እሰይ፥ ልጅሽ አለፈላት! እንኳን ደስ ያለሽ!» ይላሉ። በዚያ ቤት ስልኩን ከሁሉ ይልቅ አቆይታ የምትመለከት አንዲት ታናሽ እኅት አለች፤ ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው። እርሷ እንኳን ደስ ያለሽ አትልም። ሌሊት ሁሉም ከተኛ በኋላ ወደ ሪያድ አንድ ቃል ብቻ ትልካለች፦ «እትዬ፥ እኔስ መቼ ነው የምመጣው?»

ይህ የአንዲት ልጅ ብቻ ታሪክ አይደለም። በወሎም ቢሆን፥ በጅማም ቢሆን፥ በአርሲም ሆነ በትግራይ በየቤቱ የሚገኝ ነገር ስለ ሆነ፥ የብዙዎች ምሳሌ ሆኖ ቀረበ እንጂ የአንዲቱን ስም ለመጥራት አይደለም።

እንግዲህ በዚያ ፎቶግራፍ ውስጥ ሐሰት የሆነ ምን አለ? ሕንፃው እውነተኛ ሕንፃ ነው። ሻሹም የራሷ ነው። ፈገግታውም ቢሆን የተበደረችው አይደለም፤ በዚያች ደቂቃ በእርግጥ ደስ ብሏት ነበርና። ነገር ግን ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ የቀረ ሌላ እውነት አለ። በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙዎች ከቤተ ሰቡ ሁሉ ቀድመው ይነሣሉ፤ ከሁሉም በኋላ ይተኛሉ። ፓስፖርታቸው በአሠሪው እጅ የሚቀመጥባቸው፥ የሳምንት የዕረፍት ቀን ምን እንደ ሆነ የማያውቁ፥ የመጀመሪያዎቹን ወራት ደመወዝ ለደላላ ዕዳ የከፈሉ ጥቂቶች አይደሉም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፥ ከመልካም አሠሪ ቤት ገብተው፥ ደመወዛቸውን በጊዜው ተቀብለው፥ የወላጆቻቸውን የሣር ክዳን በቈርቈሮ የለወጡ፥ ወንድሞቻቸውን ያስተማሩ አሉ። ፎቶግራፉ ግን ይህችኛይቱ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነች አይናገርም። ለመልካሙም ለክፉውም ኑሮ የሚያሳየው አንድ ሕንፃና አንድ ፈገግታ ነው።

ታዲያ ይህች ልጅ ዋሽታለችን? ይህን ጥያቄ በትክክል ለመመለስ ፎቶግራፍ ራሱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል ሲገባ የውጭውን ነገር ምስል በግድግዳው ላይ ገልብጦ እንደሚጥል ከጥንት ጀምሮ ታይቶ ነበር። ይህን ነገር በጥንቃቄ ከመረመሩት አንዱ በ965 ገደማ በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ሊቅ ኢብን አል ሃይሠም ነው። ካሜራ የሚለው ስምም ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጕሙ ክፍል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በጨለማው ክፍል ውስጥ የወደቀው ምስል ብርሃኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋ ነበር። ምስሉን ይዞ የማስቀረት ጥበብ ዳጌር በተባለው ፈረንሳዊ ስም በፓሪስ ለዓለም የተገለጸው በ1839 ነው። ከዚያ በኋላ ጥበቡ በፍጥነት ተስፋፋ። ግብፃዊው የጦር መኮንንና መሐንዲስ ሙሐመድ ሳዲቅ በ1861 መዲናን፥ በ1880 ዓመታት መባቻም መካን ፎቶግራፍ አንሥቷል። የእንግሊዙ መኮንን ዊልያም ሼክስፒር በ1914 በረሓውን አቋርጦ ሪያድ ሲደርስ ያነሣቸው ፎቶግራፎችም ከዚያች ከተማ የመጀመሪያ ፎቶግራፎች መካከል ይቈጠራሉ። የዚያን ጊዜዋ ሪያድ በጭቃ ጡብ ግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ ነበረች። ዛሬ ነዋሪዎቿ ሰባት ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ ከዚያ ዘመን ከቀሩት ግንቦች አንዱ የሆነው የመስመክ ምሽግ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በከተማይቱ መካከል ቆሞ ይታያል።

አዲሱ ጥበብ በመጣ ጊዜ ሊቃውንት በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን «ሕይወት ያለውን ነገር በምስል መሥራት የፈጣሪን ሥራ መዳፈር ነው፤ ምስልም ልብን ወደ ራሱ ይስባል» ብሎ ፎቶግራፍን ከለከለ። ከ1914 ጀምሮ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሼኽ ሙሐመድ በኺት አል ሙጢዒ ግን ሌላ አስተያየት አቀረቡ። እንደ እርሳቸው አባባል ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ምንም ነገር አይፈጥርም፤ ፈጣሪ የሠራውን አካል ጥላ ብቻ ይዞ ያስራል። መስተዋት ፊትን ስላሳየ ፊትን ፈጠረ እንደማይባል ሁሉ፥ ፎቶግራፍም ጥላን ማሰር እንጂ ምስል መፍጠር አይደለም ማለት ነው።

በሪያድ የነበሩ ታላላቅ ሊቃውንት ከዚህ ይልቅ ወደ ክልከላው ያዘነበሉ ነበሩ። ሆኖም የዘመኑ ኑሮ በሩን ማንኳኳቱን አልተወም። ንጉሥ ዐብዱልዓዚዝ ቴሌፎንን የሸይጣን ሥራ ነው ብለው የፈሩትን ሰዎች ለማሳመን ቁርኣን በሽቦው ውስጥ እንዲነበብላቸው አደረጉ ተብሎ ሲነገር ኖሯል። በ1965 ንጉሥ ፈይሠል ቴሌቪዥን ባስገቡ ጊዜ ተቃውሞ ተነሥቶ፥ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የሆነው የወንድማቸው ልጅ ኻሊድ ቢን ሙሳዒድ በጸጥታ ኀይሎች ጥይት ሞተ። ከአሥር ዓመት በኋላ በመጋቢት 1975 ንጉሡን በሪያድ የገደላቸው የዚሁ የኻሊድ ወንድም ነበር፤ ብዙዎችም ሁለቱን ነገር ያያይዙታል። ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ ወደ አገሪቱ እንዳይገባ በ2002 ተከልክሎ ነበር፤ ክልከላው በ2004 መጨረሻ ተነሣ። በአደባባይ ፎቶግራፍ ማንሣት በ2006 ተፈቀደ። በ2007 የወጣው ሕግ ደግሞ በካሜራ ስልክና በመሰለው መሣሪያ የሰውን ገበና የሚደፍረውን እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል መቀጫ ያስቀጣዋል።

ይህን የዘመናት ሂደት ያስተዋለ ሰው ጥያቄው ቀስ በቀስ ቦታውን እንደ ለወጠ ይረዳል። በመጀመሪያ የተጠየቀው «ጥላ ሊታሰር ይገባልን?» የሚል ነበር። ፓስፖርት ለማውጣትና ለሐጅ ለመጓዝ ጕርድ ፎቶግራፍ ግዴታ በሆነ ጊዜ ያ ጥያቄ በሥራ ተመለሰ። ዛሬ የቀረው ጥያቄ ከእርሱ የሚከብድ ነው፤ ይኸውም «የታሰረውን ጥላ የያዘ ሰው ምን ዕዳ አለበት?» የሚለው ነው። ፎቶግራፍን ከጅምሩ የፈሩት ሰዎች ዛሬ በየዋሆች ዘንድ መሳቂያ ቢመስሉም፥ ከፍርሃታቸው አንደኛው ክፍል ትክክል ነበር፤ ምስል ልብን ወደ ራሱ ይስባል ያሉት ነገር በእርግጥ ደርሷል።

አበው «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ብለዋል። ይህ ምሳሌያዊ ንግግር ለብዙ ዘመን የገጠሩ ሰው የአእምሮ ዕረፍት ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ግን ያልተሄደበት አገር በየእጁ መዳፍ ላይ ይታያል፤ ስለሚታይም ይናፈቃል። የሚታየው ደግሞ አገሩ ሁሉ አይደለም፤ ጥላው ብቻ ነው። ጥላ ቅርጽ እንጂ ክብደት የለውም። የግንድ ጥላ የግንዱን ያህል ይረዝማል፤ ሆኖም ጥላውን ያየ ሰው ግንዱን መሸከም ምን ያህል እንደሚከብድ ሊያውቅ አይችልም። የፎቶግራፍ ጕድለት ይኸው ነው፤ ቅርጽን በታማኝነት ይይዛል፥ ሸክምን ግን መያዝ አይችልም።

ቀደም ባለው ጊዜ በዓረብ አገር የሚኖር ሰው ለወላጆቹ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ወደ አገር በሚመለስ ሰው ሻንጣ ይልክ ነበር። ካሴት ሕንፃ አያሳይም። ነገር ግን እናት የልጇን ድምፅ ስትሰማ «ምን ሆና ነው ድምፅዋ የቀጠነ?» ብላ ትጠይቅ ነበር። ድምፅ ሸክምን ይይዛልና፥ የተናጋሪው ጕሮሮ የደበቀውን ነገር የእናት ጆሮ ያገኘዋል። በሳዑዲ ዐረቢያ በኢንተርኔት መነጋገር በ2017 ከተፈቀደ ወዲህ ድምፅን ማስተላለፍ እጅግ ቀሏል። ሆኖም መነጋገር ጊዜ ይፈልጋል፤ ዕንባንም ይጠራል። ስለዚህ ሥራ የበዛባት ልጅ ብዙ ጊዜ የምትልከው ያንኑ ፈገግታ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው መመለስ ይቻላል። ልጅቷ ለምን እንዲህ አደረገች ቢባል መልሷ የታወቀ ነው፤ «እናቴ እንዳታዝን ነው» ትላለች። ይህ መልስ ሊናቅ አይገባውም። የራስን መከራ በሆድ መያዝና የሚወዱትን ሰው ከኀዘን መጠበቅ በኢትዮጵያ ምድር እንደ ጨዋነት የሚቈጠር ጠባይ ነው፤ ትዕግሥትም በፈጣሪ ዘንድ ዋጋ አላት። የገዛ ሕመም የባለቤቱ ንብረት ነው፤ ሊገልጠውም ሊሸሽገውም ይችላል። እስከዚህ ድረስ ልጅቷን የሚወቅሳት ማንም ሰው የለም።

ዳሩ ግን ሌላ ሰው ያንን ፎቶግራፍ እንደ መንገድ ምልክት አድርጎ መከተል በጀመረ ጊዜ ዝምታው የባለቤቱ ብቻ ንብረት መሆኑ ይቀራል። ወንዝ ተሻግሮ ከወዲያኛው ዳር የቆመን ሰው ማሰብ ነው። ውሃው እስከ አንገቱ ደርሶ ሊወስደው ነበር፤ አሁን ግን ልብሱ ደርቋል፥ ፊቱም ፈክቷል። የሚያየው ሰው ከሌለ ስለ ውሃው ጥልቀት ባይናገር አይወቀስም። ታናሽ ወንድሙ ግን በወዲህኛው ዳር ቆሞ ልብሱን ማውለቅ ጀምሮ እንደ ሆነ፥ ፈገግ ብሎ እጅ መንሣት ብቻ አይበቃም። በዚያች ሰዓት «ጥልቅ ነው!» ብሎ ያልጮኸ ሰው በአፉ ባይዋሽም በዝምታው መንገድ አሳስቷል።

የመንገዱም ጥልቀት ተረት አይደለም። በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ አንዳንድ ጊዜ ዕድሜዋ በወረቀት ላይ ተጨምሮ ትሄዳለች፤ እንግዲያማ የጕርድ ፎቶግራፉ ፊት እውነት፥ ከአጠገቡ የተጻፈው ቍጥር ሐሰት ይሆናል። ሌሎች ደግሞ በእግር በአፋር በረሓ በኩል ወደ ጅቡቲ ይወርዳሉ፤ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ባብ ኤል መንደብን ይሻገራሉ፤ ከዚያም ከ2015 ወዲህ ጦርነት የጐዳትን የመንን አቋርጠው ወደ ሳዑዲ ድንበር ይጓዛሉ። በ2017 ክረምት አሻጋሪዎች ከሶማሊያና ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣቶችን በየመን ጠረፍ አጠገብ ከጀልባ አስገድደው ወደ ባሕር አስገቧቸው፤ በዐሥር የሚቈጠሩትም ሰጠሙ። ከሰጠሙት መካከል ብዙዎቹ ገና ልጆች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ከመነሣታቸው በፊት ምን እንዳዩና ማን ምን እንዳሳያቸው የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በረሓውን የሚያሳይ ፎቶግራፍ አይተው የተነሡ አይመስልም።

ያው መሣሪያ ግን ሌላውን ወገን የገለጠበት ጊዜም ነበረ። በኅዳር 2013 በሳዑዲ ዐረቢያ ለውጭ አገር ሠራተኞች የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ሲያበቃ፥ በደቡብ ሪያድ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በመንፉሃ ሰፈር ሁከት ተነሣ፤ ሰውም ሞተ። የዚያን ሰሞን በእጅ ስልክ የተቀረጸው ሥዕል በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ በብዙ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ለአቤቱታ ወደ አደባባይ ወጡ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰዎች ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። የልጆቻቸውን ፈገግታ ብቻ ሲያዩ የኖሩ ወላጆች፥ ልጆቻቸው አንዳንድ ከረጢት ይዘው ከአውሮፕላን ሲወርዱ አዩ። ከፎቶግራፉ ጠርዝ ውጭ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ገባ።

ሆኖም በዚህም ውስጥ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የተዋረደን ሰው ፊት ማንሣት ለምስክርነት ሲሆን መልካም ሥራ ነው፤ ለወሬና ለመታያ ሲሆን ግን በቍስል ላይ ቍስል መጨመር ነው። ሁለቱን ለመለየት አንድ ቀላል ፈተና ይበቃል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ያንን ሥዕል ለባለ ፊቱ እናት ሊያሳያት ይደፍራልን? ቢደፍር ምስክር ነው፤ ባይደፍር ገበና ገላጭ ነው። የ2007ቱ ሕግ የሚቀጣው በውጭ የታየውን በደል ነው፤ የውስጡን ሐሳብ የሚመዝን ግን ኅሊና ነው።

ወቀሳው ሁሉ በላኪዋ ላይ ቢወድቅ ግን ፍርዱ የተዛባ ይሆናል። ፎቶግራፉን ከእናትዮዋ ስልክ ተቀብሎ በየመንደሩ እያዞረ «ይኸውላችሁ፥ ሄዳ እንዲህ ሆነች» የሚል ደላላ አለ፤ እርሱ የመንገዱን ጥልቀት እያወቀ ጥላውን የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ከእርሱም በቀር፥ ምንም ክፋት ሳያስቡ በነገሩ የሚካፈሉ አሉ፤ እነርሱም ተቀባዮቹ ናቸው። ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ሪያድ ሲደውል «መቼ ትልኪያለሽ?» ይላል እንጂ «ትናንት በስንት ሰዓት ተኛሽ? ምን በላሽ? የሚያናግርሽ ሰው አለ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። አንዳንዶች ልጅቷ ስለ ድካሟ መናገር ስትጀምር «በይ ቻይው፥ የሰው ልጅ ሁሉ ይችላል» ብለው ቃሏን ይቈርጡባታል። በዚህ ጊዜ ልጅቷ የተፈለገው ፈገግታዋ ብቻ መሆኑን ትረዳለች። እውነት ተናጋሪን ብቻ ሳይሆን ሰሚንም ትፈልጋለች፤ ሰሚ ያጣች እውነት በሆድ ውስጥ ትቀራለች። ስለዚህ ያንን ፎቶግራፍ የሠራችው ልጅቷ ብቻ አይደለችም፤ ሕንፃውን እንጂ እርሷን ማየት ያልፈለገ ዓይን ሁሉ አብሮ ሠርቶታል።

የአማርኛ ቅኔ ሰሙንና ወርቁን እንዲለይ ሰሚውን ያስተምረዋል። ሰሙን ብቻ ሰምቶ «ገባኝ» የሚል ሰው በሊቃውንት ጉባኤ ያፍራል። ፎቶግራፍንም እንዲሁ መመልከት ይገባል። የሚታየው ሰሙ ነው፤ ወርቁ ከኋላው አለ። ሰሙ ውሸት ስለ ሆነ አይደለም፤ ነገሩ በእርሱ ብቻ ስለማያልቅ ነው እንጂ።

ይህ ነገር መንፈሳዊ ተጓዥንም ይመለከተዋል። ከሐጅ የሚመለስ ሰው ለጎረቤቱ የሚያሳየው ነጭ ልብስንና የተቀደሰውን ስፍራ ነው። የቈሰለውን እግር፥ በሕዝብ ብዛት መካከል ጓደኛ የጠፋበትን ሌሊት፥ በውሃ ወረፋ ተቈጥቶ በኋላ የተጸጸተበትን ሰዓት ፎቶግራፍ አላነሣውም። ይህን ሁሉ በቃሉ ከነገረ ግን የሚሰማው ድኻ ገበሬ ሁለት ነገር ያገኛል፤ አንደኛ ለመንገዱ ይዘጋጃል፥ ሁለተኛም በቤቱ ሆኖ የሚያሳልፈው ትዕግሥት ከመንገደኛው ትዕግሥት የማያንስ መሆኑን አውቆ ይጽናናል። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው ግን ቅንዓትና ትካዜ ብቻ ይተርፈዋል።

እንግዲህ ፎቶግራፍን መተው አይደለም የሚያስፈልገው፤ ቢያስፈልግም አይቻልም። ከልጇ ተለይታ ሁለትና ሦስት ዓመት የምትኖር እናት የልጇን ፊት ማየቷ ታላቅ ጸጋ ነው፤ ያለፉት ትውልዶች ይህን ባለማግኘታቸው ብዙ አልቅሰዋል። የሚያስፈልገው፥ ጥላን ያሰረ ሰው ሸክሙን በቃል መጨመር እንዳለበት ማወቁ ነው። ለእናት የሚነገረው ለእናት በሚገባ መጠን ይሁን፤ ልብ በሚሰብር አነጋገር መሆን የለበትም። ልትከተል ለተነሣች ታናሽ እኅት ግን ቃሉ ሙሉ መሆን አለበት፤ ደመወዙም ድካሙም፥ መልካሙ ቀንም ክፉው ሌሊትም ሊነገራት ይገባል። ይህን ሁሉ ሰምታ ልትሄድ ብትወስን ዓይኗን ከፍታ ሄደች ይባላል፤ ብትቀርም ዓይኗን ከፍታ ቀረች ይባላል። ሰው በሰው ላይ ካለው መብት አንዱ ይህ ነው፤ የሚወስነውን ነገር አውቆ የመወሰን መብት።

በኦላያ ሰፈር ፎቶግራፍ የተነሣችው ልጅ ለታናሽ እኅቷ ምን ብላ እንደምትመልስ መወሰን የነበረባት በዚያው ሌሊት ነው። ዕቃ ታጥቦ፥ ወለል ተወልውሎ፥ የልጆቹ ልብስ ታጥፎ ከተቀመጠ በኋላ፥ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ስልኳን አነሣች። ሌላ ፎቶግራፍ መላክ ትችል ነበር፤ «አይዞሽ ትመጫለሽ» ብሎ መጻፍም ቀላል ነበር። እርሷ ግን ድምፅዋን ለመላክ መረጠች። «እኅቴ፥ ያየሽው ሕንፃ እውነት ነው፤ ከሥሩ የቆምኩት ግን ለአምስት ደቂቃ ነው። የቀረውን ቀን ልንገርሽ» ብላ ጀመረች። ስለ ሥራው፥ ስለ ደመወዙ፥ ስለ እንቅልፏ አንዳች ሳትጨምርና ሳታጐድል ነገረቻት። በመጨረሻም «ትምህርትሽን ጨርሺና ያን ጊዜ እንማከራለን፤ ለእማዬ ግን ደኅና ነኝ በያት፤ ደኅና ነኝና» አለች።

በደሴ ዙሪያ ያለችው ታናሽ እኅት ያንን ድምፅ ሰምታ ወዲያው ሐሳቧን ትለውጥ ወይም አትለውጥ እንደ ሆነ ማንም ሊናገር አይችልም፤ ውሳኔው የእርሷ ነው። ነገር ግን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሥዕሉን ስታይ ድምፁንም አብራ ትሰማለች፤ ጥላውና ሸክሙ በልቧ ውስጥ ተገናኝተዋል። የእኅቷም ዕዳ ተከፍሏል።

ፈጣሪ ለዓይን ማስተዋልን፥ ለአንደበት እውነትን፥ ለጆሮም ትዕግሥትን ይስጥ። በባዕድ አገር የሚደክሙትንም ሁሉ በሰላም ወደሚወዷቸው ይመልሳቸው።